ከነሥሩ የተነቀለ ሳር

እናቴ አማርኛን የተማረችው ከአባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ካስተማራቸው ሁሉ አስቸጋሪዋ ተማሪ እሷ እንደነበረች ሲናገር ኖሯል። እሱ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ አርባ ምንጭ የቀረ ሰው ነው፤ እሷ የኦቾሎ ልጅ። ከጋሞኛ ወደ አማርኛ ስትሻገር ወንዱንም ሴቱንም፣ በሬውንም ወንበሩንም «እሷ» ትላለች። አባቴ ያርማታል። «ገብቶሃል አይደል? ከገባህ ሌላ ምን ፈለግህ?» ትለዋለች። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚያርማት ጠፋ። እኔም እንደ እሱ መምህር ነኝ፤ ግን አላርማትም። እዚህም ንግግሯን እንዳለ ነው የማሰፍረው፤ ካስተካከልኩት እናቴ አትሆንልኝም።

ታናሽ ወንድሟ ከእኛ ጋር ነው ያደገው። ኦቾሎ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ከተራራው ወጣ ብሎ የቆመ መንደር ነው። ሰዉ ያርሳል፣ ይሸምናል። አጎቴን ትምህርት ቤት ይግባ ተብሎ በልጅነቱ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አወረዱት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም ስለማይርቅ «አጎቴ» የምለው ላበሽቀው ስፈልግ ነበር። ትምህርቱን ብዙ አልገፋበትም፤ እጁ ከደብተር ይልቅ ክር የለመደ ነው። የሚሊኒየሙ ድግስ ጠዋት ማታ በሬዲዮ በሚወራበት ዓመት ወደ አዲስ አበባ ሄደና ከከተማዋ ዳር፣ የአገራችን ሸማኔዎች ተሰባስበው ከሚኖሩበት ሰፈር ገባ።

ጋሞ ውስጥ መስቀል ማለት ሸማኔ አገሩ የሚገባበት በዓል ነው። ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት አውቶቡስ ተራችን ከአዲስ አበባ በሚመጡ ወንዶች ይሞላል፤ ፌስታልና ጆንያ ተሸክመው፣ አዲስ ጫማ አድርገው፣ የከተማ ወሬ ይዘው። አጎቴም አንድ መስቀል ቀርቶ አያውቅም። ለእናቴ ራሱ የሠራውን ነጠላ ያመጣላታል። እሷ ጥለቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታይና የሆነ እንከን ትፈልጋለች፤ ካላገኘች ደግሞ ትናደዳለች። ከዚያ ሁላችንም ኦቾሎ እንወጣለን። በሬ ይታረዳል፣ ቅቤ ይቀልጣል፣ እኔ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ፤ አጎቴ «የቆላ ዶሮ» እያለ ይስቅብኛል።

በግቢያችን ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ፣ ለብዙ ዓመታት አብራን የኖረች አንዲት ተከራይ ነበረችን። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ዓሣ ጥብስ ቤት ትሠራለች፤ አመሻሽ ላይ ገና በሩን ሳታልፍ ሽታዋ ይቀድማታል። እናቴ «ዓሣዋ መጣች» ትላለች። ፀባይዋ ዝምታ ነው። ዝምታዋ የሚፈርሰው ማታ ማታ፣ እራት ከመድረሱ በፊት፣ አገር ቤት ላለችው እናቷ ስትደውል ነው። እናቷ ጆሮዋ ደክሟል፤ ስለዚህ ዓሣዋ በራሷ ቋንቋ ሠፈሩ እስኪሰማ ትጮኻለች። በልተሽ ነው? መድኃኒትሽን ወሰድሽ? ላሟ ወለደች? አንድም ቃል የማናውቅ ሰዎች ስለ ላሟ ጤንነት ሁሉን አወቅን። አጎቴ ለመስቀል ሲመጣ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር እንደተቀመጠ፣ «ካርድሽን ለምን ታባክኛለሽ? በዚሁ ድምፅ እኮ ካለ ስልክ ይደርሳል!» ይላት ነበር። ስልኩን ስትዘጋም ሁልጊዜ ይጠይቃታል፦ «ዛሬስ ሰማችሽ?» እሷም አፏን በነጠላ ሸፍና እየሳቀች «አልሰማችኝም» ትለዋለች።

ያን መስከረም፣ አዲሱ ዓመት ገብቶ ብዙ ሳይቆይ፣ አጎቴ ሊመጣ ቀናት ሲቀሩት፣ የሸማኔዎቹ ሰፈር ተጠቃ።

የሰማነው ጠዋት ነው። የአገሩ ልጅ የሆነ ሸማኔ ለእናቴ ደውሎ «ገብተውብናል» ብሎ ተቋረጠ። ወደ አጎቴ ስልክ ስንደውል መጀመሪያ ይጠራል፣ አይነሳም። ከሰዓት በኋላ መጥራቱንም ተወ። ከዚያ ፎቶዎቹ መምጣት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ የተቃጠለ ቤትና የወደቀ ሰው እያየ፣ ከወደቁት መካከል የራሱን ሰው ይፈልጋል። እኔም ፈለግሁ። ፊቱ የማይታይ የአንድ ሰው ጫማ አይቼ «ይህን ጫማ አውቀዋለሁ» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ማሰሮ ውስጥ ከተተችው፤ ክዳኑንም ገጠመችበት።

ገዳዮቹ የተናገሩት ቋንቋ የተከራያችን ቋንቋ ነበር። የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ያን ሰሞን ሁሉም ሲጽፈው ነው የከረመው፤ ምን እንዳተረፍንበት አይቻለሁ።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ አያውቅም። እኔ የማለቅስ ይመስለኝ ነበር፤ ንጹሕ ድስት ማጠብ ጀመርኩ። የታጠበውን እንደገና በአመድ ፈተግሁት። እናቴ ደግሞ የመስቀሉን ዝግጅት አላቋረጠችም። ቅቤዋን ታነጥራለች፣ ቆጮዋን ታገላብጣለች፣ ቅመሟን ታሰጣለች። ጎረቤቶች ሊያጽናኑን መጥተው እንዲህ ስትሠራ ሲያዩዋት አእምሮዋን የነካት መሰላቸው። አንዷ ቀስ ብላ «ኧረ እባክሽ ተቀመጪ» ብትላት፣ «ወንድሜ ስትመጣ ምን ትበላለች?» አለች፤ እጇን እንኳ አላቆመችም። በልቧ ሞቷል ብላ ታምን እንደነበር የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ዓሣዋ ያን ሰሞን ሥራ አልሄደችም። በሯን ዘግታ ውስጥ ነበረች። ማታ ሲሆን ግቢው ጭጭ አለ፤ የስልኩ ጩኸት ጠፋ። ከግድግዳው ወዲያ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማኛል። ጆሮዋ ለማይሰማ እናት ማንሾካሾክ ምን ይፈይዳል? ይህን ያሰብኩት ዛሬ ነው እንጂ ያኔ አይደለም። ያኔ ስለ እሷ ያሰብኩት ሌላ ነው፦ ጠላኋት። ምንም እንዳላደረገች እያወቅሁ ጠላኋት። እሷ እናቷ ዘንድ ደውላ ድምፅ ታገኛለች፤ እኛ ደውለን የምናገኘው «የደወሉላቸው ደንበኛ» የሚለውን ሴትዮ ነው።

ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ በማግሥቱ ጠዋት ዱላ ይዞ ወጣ። አልከለከልኩትም። ከተማው ውስጥ የእነዚያን ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ሱቅ አላቸው፣ ቤት አላቸው፤ ወጣቱ ወደዚያ እየጎረፈ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስሙን እየጠራች ጮኸች፤ ዞር ብሎም አላያት። ከዚያ ወደ ዓሣዋ በር ሄዳ፣ ደፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ወንድሜ እስኪመለስ ድረስ ከዚያ አልተነሳችም። ውስጥ ያለችው ሴት ስትንቀሳቀስ ይሰማኛል።

ወንድሜ ሲመለስ ዱላውን አልያዘም። ፊቱ ደም መስሏል፤ ግን የተመታ ሰው ፊት አይደለም። ከማንጎው ሥር ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ሽማግሌዎቹ ተንበረከኩብን» አለ።

«የት?»

«መንገዱ ላይ ነዋ! አስፋልቱ ላይ። እርጥብ ሳር ይዘው። እኔ ከፊት ነበርኩ። እነዚያ ከገበያ በባጃጅ የማመላልሳቸው አዛውንት አሉ አይደል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው? ባጃጅ ላይ ለመውጣት እኮ እኔ ነኝ የምደግፋቸው። በዚያ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሳሩን ፊቴ አስቀመጡት። ምን ላድርግ? ልርገጣቸው? ሰውን እንዴት በሳር ያስሩታል? የሞተው እኮ የእኔ ሰው ነው!»

በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ተሻግረህ አታልፍም። ማንም ሲያስረዳህ አታስታውስም፤ እሳት እንደማትነካ ሁሉ አትሻገርም። ወንድሜ በሕይወቱ ሙሉ ኦቾሎ የሄደው ለመስቀል ብቻ ነው፤ ጋሞኛውም የተሰባበረ ነው። ቢሆንም አልተሻገረም። ከተማው ያን ቀን ያልተቃጠለው እሱን የመሰሉ ብዙ ወጣቶች እየተንገበገቡ ወደየቤታቸው ስለተመለሱ ነው። የሽማግሌዎቹ ዝና በየቦታው ተወራ፤ ይገባቸዋል። የተመለሱት ልጆች ግን ያን ማታ እንዴት እንዳደሩ ማንም አልጠየቃቸውም።

እናቴ ወንድሜን እስከ መጨረሻው አዳመጠችውና ማጭድ አንስታ ወጣች። ከቦዩ ዳር አንድ እቅፍ እርጥብ ሳር አጭዳ ተመለሰች። ከማንጎው ፊት ለፊት፣ ከእኛ ቤት ወደ ዓሣዋ በርና ወደ ውሃ ቧንቧው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጫፍ ለጫፍ አስተካክላ አነጠፈችው።

«እማዬ፣ ይህን የሚያደርገው ሽማግሌ አይደል እንዴ?» አልኳት።

«ሽማግሌ ከየት ላምጣ? አባትሽ ሞተች።»

ከዚያም ሕጓን ነገረችን። ቂም ያለባት ሳሯን አትሻገራትም፤ መንገዱ ዳር ባለችው ሙዝ ዙሪያ ዞራ ትሄዳለች። ቂም የሌለባት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ታነሳታለች፣ ታልፋለች፣ መልሳ ቦታዋ ታስቀምጣለች። ይህ የኦቾሎ ሥርዓት ይሁን እናቴ እዚያው ቆማ የፈጠረችው እስከ ዛሬ አላውቅም። ስጠይቃት «አንቺ መምህር ነሽ፣ አንቺ ንገሪኝ» ትለኛለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ መዋሸት አልተቻለም። ውሃ ለመቅዳት ቧንቧው ጋ መሄድ ግድ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሽፈራው ቅጠል እየሸመጠጠች ማን ማን እንደሚዞር ታያለች። ወንድሜ ይዞራል። እኔም ጄሪካኔን ይዤ፣ በሙዙ ቅጠል እየተቧጨርኩ እዞራለሁ። አትናገረንም፤ ታያለች ብቻ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የጠወለገውን አንስታ አዲስ ታጭዳለች፤ ምክንያቱም ሳሩ የሚያስረው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። አርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ ደግሞ ሳር እስከ ምሳ እንኳ አይቆይም።

አጎቴ በሕይወት መኖሩን የሰማነው መስቀል ሊገባ ሲል ነው። ሆስፒታል ነበር። ስልኩን ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ መያዝ አልቻለም። እናቴ ድምፁን እንደሰማች ስልኩን ለእኔ ወረወረችልኝና ወደ ጓዳ ገብታ ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከናፍቆቴ ሁሉ መርጬ ያልኩት «ቆጮው ሊበላሽ ነው፣ ቶሎ ና» ነው። ሳቀ። ሳቁን ስሰማ መሬት ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቧንቧው ስሄድ ሳሩን በሁለት እጄ አንስቼ እንዳለፍኩ የነቃሁት ከቀዳሁ በኋላ ነው። እናቴ ከበረንዳው አየችኝና ሽፈራዋን መሸምጠጥ ቀጠለች።

አጎቴ የመጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ፌስታል አልያዘም። ቀኝ እጁ በሻሽ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ታስሯል። ሐኪሞቹ አድነውታል፤ ግን ጣቶቹ አይታጠፉለትም። ሸማኔ ያለ ቀኝ እጁ መወርወሪያ አይወረውርም። ይህን ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም እጁን እያየን «እንኳን በሕይወት መጣህ» አልነው።

ስለ ቀኑ ብዙ አይናገርም። ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ሸማኔ ሲሠራ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው እኮ ሮጠ። እኔ ከጉድጓዱ እስክወጣ በሩን ሰበሩት። እጄን አነሳሁ።»

የመጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ጠይቆት ሄዶ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እራት አቀረብንለት። በግራ እጁ መብላት እየተለማመደ፣ ወንድሜ እያበሸቀው፣ ቤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ ቤት መስሎ ነበር። ዓሣዋ መምጣቱን አልሰማችም። ከሥራ ገብታ፣ ወደ ቤታችን ሳታይ፣ በጓሮ በኩል አለፈች። ለብዙ ቀናት ስትንሾካሾክ ከርማ ይሁን፣ የእናቷ ጆሮ አስመርሯት ይሁን፣ ያን ማታ ድምፅዋን እንደ ድሮው ከፍ አድርጋ ጮኸች።

ሳህኑ ሲወድቅ ሰማሁ። አጎቴ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ከአልጋውና ከግድግዳው መካከል ገብቶ ተኮራምቶ ነበር፤ የታሰረ እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ። ወንድሜ ሊያወጣው ቢጎትተው እንደማያውቀው ሰው ገፈተረው። እናቴ በባዶ እግሯ ወደ ጓሮ ሮጠች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ ድምፁ ግን ከመሃል ተቆረጠ። እኔ በመስኮት ሳይ ዓሣዋ ስልኩን እንደያዘች ቆማለች፤ ከስልኩ ውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ግቢ ውስጥ አልደወለችም። አመሻሽ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ኩልፎ ወንዝ ድልድይ ትሄዳለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አየኋት። ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች እያጓሩ በአጠገቧ ያልፋሉ፤ እሷ አንድ ጆሮዋን በእጇ ደፍና ትጮኻለች። እናቷ እንዳልሰማቻት ከሩቅ ያስታውቃል። ቆሜ ልጠብቃት አሰብኩ። ግን ምን እላታለሁ? አለፍኳት።

አጎቴ በሙዙ ዙሪያ ይዞር ነበር። ሲዞር ወደ ዓሣዋ በር አያይም። አንድ ጠዋት እናቴ ሳሯን ስትቀይር ቆሞ አያትና፣ «እቴቴ፣ ይህን የምታነጥፊው ለእኔ ነው?» አላት።

«ለሁላችን ናት።»

«እኔ አልነካትም እኮ። እፈራታለሁ እንጂ። የምትፈራውን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ?»

እናቴ ሳሩን ጫፍ ለጫፍ አስተካከለችና ማጭዷን ይዛ ገባች።

እኔም መልሱን አላውቀውም። ቁጣ ቢያንስ የሚሄድበት ቦታ አለው፤ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆሞ ይመልሰዋል። ፍርሃት ግን መንገድ አይወጣም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሳህን ሲወድቅ ሲደነግጥ፣ በር ሲንኳኳ ሲነሳ ይኖራል። አጎቴ ብቻ አይደለም፤ ዓሣዋም ትፈራው ነበር። የታሰረ እጁን ስታይ የሠራችው ይመስል ዓይኗን ትሰብራለች። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓሣ ይዛልን መምጣቷን ተወች።

አንድ ቀን እናቴ ዘንድ መጥታ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች።

«እማማ፣ ልሂድልዎ» አለቻት።

«የት?»

«ሴቻ ሰፈር ቤት አግኝቻለሁ። እሱም ይረፍ፣ እናንተም ረፉ።»

«ከቤቴ ፈርታ የወጣች የለችም» አለች እናቴ። ያን ጊዜ ነገሩ ቆመ። ግን ሳምንት ሳይሞላ እናቴን ወባ ጣላት። ወባዋ ከባድ ነበረች፤ ብርድ ልብስ ደራርበንባት አልጋው ይንቀጠቀጣል፤ በትኩሳቷ መካከል ስለ ሳሯ ትቃዣለች። «ደረቀች? ሳሯ ደረቀች?» ትለኛለች። «አልደረቀችም» እላታለሁ። ደርቃ ነበር።

በበነጋው ጠዋት እኔው ላጭድላት ማጭዱን ይዤ ወጣሁ። ዓሣዋ በሯን ከፍታ ቆማለች፤ ሻንጣዋ በእጇ፣ የተጠቀለለ ፍራሿ ከኋላዋ። እናቴ ተኝታ ሳለ፣ ሳትከለከል ለመውጣት እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ። ግን አልወጣችም። መሬት መሬት እያየች ነው።

ሳሩ ደፏ ላይ ነበር። እናቴ እንደምታነጥፈው መንገዱ ላይ ሳይሆን በሩ ሥር፣ ከዳር እስከ ዳር። ደግሞም የታጨደ አይደለም። ከነሥሩ፣ ከነጭቃው ተነቅሎ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ ዝም ብሎ ተቆልሏል።

«ማን ነው ያስቀመጠው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አለ አጎቴ።

ከማንጎው ሥር ተቀምጧል። ግራ እጁ እስከ ክንዱ ጭቃ ነው። ተነሳና ጥቂት ቀረብ አለ፤ ከዚያ ቆመ። ከዚያ በላይ መቅረብ እንደማይችል ያስታውቃል።

«የእህቴ ሳር ለእኛ ነበር» አላት። «ይሄኛው ለአንቺ ነው። ቂም ይዘሽብን እንዳትሄጂ። ካልያዝሽ አንሺውና እለፊ።»

እኔ ታነሳዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ለጥሩ ሰው ቀላሉ ነገር ያ ነበር፦ «ኧረ ምን ቂም አለብኝ» ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አንስቶ፣ መርቆ መሄድ። ጥሩ ሰው ናትና እንደዚያ የምታደርግ መሰለኝ። እሷ ግን ሻንጣዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። ከመጣ ጀምሮ ፊቱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይዣለሁ» አለች። «እኔ ምን አደረግሁ? እናቴን እንኳ ማናገር እስካልችል ድረስ ምን አደረግሁ? ይዣለሁ።»

«እንግዲያው አትወጪም» አለ አጎቴ። ተመልሶ ማንጎው ሥር ተቀመጠ።

እዚያው ደፏ ላይ ሻንጣዋን አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። አለቀሰች። እኔም ማጭዱን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ወንድሜ ባጃጁን ሊያስነሳ ወጥቶ ሲያየን ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ፣ ጄሪካን አንስቶ ወደ ቧንቧው ሄደ። ነገሩን ስነግራት እናቴ በብርድ ልብሷ እንደተጠቀለለች እኔን ተደግፋ እስከ በረንዳው ወጣች። ሳሩን ከሩቅ አየችው።

«ከነሥሯ ነቀለቻት?» አለች። «ጉድ! ማጨድ እንኳ አትችልም።»

«በአንድ እጅ ነው እኮ እቴቴ» አላት።

ተያዩ። ከዚያ እሷ መሳቅ ጀመረች፤ በወባ የደከመ፣ የሚያስል ሳቅ። እሱም ሳቀ።

ዓሣዋ ያን ማታ ከበሯ ላይ ቆማ ለእናቷ ደወለች፤ በሙሉ ድምፅዋ። አጎቴ መቋቋም አልቻለም፤ ከግቢው ወጥቶ መንገዱ ላይ ተመላለሰ፣ ስትጨርስ ገባ። በማግሥቱም እንደዚያው። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ነበር፤ በሽታው በአንድ እቅፍ ሳር አልዳነም፣ እጁም አልዳነም። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ጫኖ ላይ የዘመድ የሙዝ ማሳ ውሃ ያጠጣል፤ መሸምን ቀርቷል። እሱን ሳስብ ዛሬም ንዴቴ አልበረደም፤ ይበርዳል ብዬም አልጠብቅም።

የሚቀጥለው መስቀል ሲደርስ ግን ስልኩ ሲጀመር ከማንጎው ሥር አልተነሳም። ቀኝ እጁን በግራው ይይዘዋል፣ ላብ ግንባሩ ላይ ይወጣል፤ ግን ይቀመጣል። ስትጨርስ ጉሮሮውን ይጠርግና ይጠይቃታል፦

«ዛሬስ ሰማችሽ?»

«አልሰማችኝም» ትለዋለች።